መጨረሻውን ሳታዩ የቀራችሁት ፊልም፣ መጨረሻ ገጹ የጠፋባችሁ መጽሐፍ

የጦሳ ጉም (ደሴ)

ሰላም የደሴም የኮምቦልቻም ልጆች። እንዴት ሰነበታችሁ?

ሰሞኑን አንድ ነገር ሲከነክነኝ ነበር። እኛ ጋ አንድን ሰው "የምትወደው ፊልም የቱ ነው?" ብላችሁ ስትጠይቁት ሙሉውን ያየውን አይነግራችሁም። ግማሽ ላይ የተቋረጠበትን ነው የሚያወራው። ሙሉውን ያየነውን "አሪፍ ነው" ብለን እናልፈዋለን። መብራት የሄደበትን ግን ዕድሜ ልካችንን እናነሳዋለን።

እኔ ለምሳሌ ከአዲስ አበባ ደሴ በአውቶቡስ ስመጣ ያየኋቸው የአማርኛ ኮሜዲዎች አንዳቸውም መጨረሻ የላቸውም። አሠራሩን ታውቁታላችሁ። ረዳቱ ፊልም የሚከፍተው ሰው ሁሉ እንቅልፍ ሲጥለው ነው። ድምፁ ወይ አይሰማም፣ ወይ ጆሮ ይበጥሳል። ልጁ ሀብታም ነኝ ብሎ ልጅቷን ሊያገባ ነው። ሽማግሌ ልኳል። እናትየው ደግሞ ምንም ሳያውቁ ዶሮ አንጠልጥለው ከገጠር ይመጣሉ። ልክ በሩን ሲያንኳኩ ደብረ ሲና ደርሰናል። "ምሳ! ሃያ ደቂቃ!" በልተን ስንመለስ ሌላ ፊልም ተከፍቷል። ረዳቱን "ያኛውስ?" አልኩት። "አልቋል" አለኝ። ማን ፊት አለቀ? ሹፌሩ እንኳ ከእኔ ጎን ቁጭ ብሎ ጥብስ ሲበላ ነበር!

ሁለተኛው ጉዳዬ መጽሐፍ ነው። ፒያሳ፣ አሮጌ መጽሐፍ መሬት ላይ ዘርግቶ ከሚሸጥ ልጅ አንድ ልቦለድ ገዛሁ። ሽፋን የለውም። ከገጽ 17 ይጀምራል፣ ገጽ 262 ላይ ይቆማል። ያልቃል አላልኩም፣ ይቆማል። ሴትዮዋ በሩን ስትከፍት ያልጠበቀችው ሰው ቆሟል። ከዚያ የገጹ የመጨረሻ ቃል "ይልቁንም" ናት። ይልቁንም ምን? አራት ነጥብ እንኳ የለም። ሴትዮዋ የባንክ ጸሐፊ ናት፣ አንድ ደብዳቤ ይጠፋባታል፣ በየገጹ ዝናብ ይዘንባል። የሚያውቀው ካለ ይንገረኝ፣ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ካልሆነም የራሳችሁን ጉድ ጻፉልኝ።


ሐረጎ ቁልቁለት

በየገጹ ዝናብ ከዘነበ ደራሲው የደሴ ሰው ነው። ምርመራው ተጠናቋል።


ሦስተኛ ሺፍት (ኮምቦልቻ)

እኔ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ሺፍት ነው። ስለዚህ የማንኛውንም ተከታታይ ድራማ ግማሹን ብቻ ነው የማውቀው። ሰዎቹ ይጣላሉ፣ እኔ ሥራ እገባለሁ። ስመለስ አንዱ እስር ቤት ነው። "ለምን ታሰረ?" ብዬ ባለቤቴን እጠይቃለሁ። እሷ ደግሞ ቀጥ ያለ መልስ መስጠት አታውቅበትም። "የሥራውን አገኘ" ትለኛለች። ምን ሠራ? "ብታየው ኖሮ አትጠይቅም ነበር።"

እየቆየ ሲሄድ ነገሩ ገባኝ። ሆን ብላ ነው የምታሳስተኝ። አንድ ጊዜ "ሽማግሌው ሞቱ" አለችኝ። ከልቤ አዘንኩ። ደግ ሰው ነበሩ። ሥራ ቦታ ሄጄ ለጓደኞቼ አወራሁ፣ እነሱም ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዱማ "ነፍስ ይማር" አለ። በሳምንቱ ቴሌቪዥን ስከፍት ሽማግሌው ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ! "ሞቱ አላልሽኝም?" ስላት ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም። "ተሽሏቸው ነው" አለችኝ።


የጦሳ ጉም

"ተሽሏቸው ነው" ላይ በሳቅ ሞትኩ። ሚስትህን ሰላም በልልኝ። እዚህ ብትገባ ክሩን ትይዘው ነበር።


ጋቢ ለባሽ (ደሴ፣ ሆጤ)

ኮምቦልቻዎች ስለ ፊልም ባታወሩ ደስ ይለኛል። እናንተ ማታ ወንበር ውጭ አውጥታችሁ በካናቴራ የምታዩ ሰዎች ናችሁ። እኛ ጋ ክረምት ላይ ፊልም የሚታየው ከጋቢ ውስጥ በአንድ ዓይን ነው። ሁለተኛው ዓይን ከወጣ ይበርደዋል። ስለዚህ የደሴ ሰው አንድን ፊልም ሙሉውን አየሁ ቢላችሁ እንኳ ግማሹን ነው ያየው።

በመካከላችን እኮ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። የከፍታው ልዩነት ግን 600 ሜትር ገደማ ይሆናል። አጎቴ ደሴ መናኸሪያ የሰማውን ቀልድ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ሲገባ ነው የሚስቅበት። ፊቱ የሚፈታው እዚያ ነው።


ቀድሞ ረዳት

የጦሳ ጉም፣ ስለ አውቶቡሱ እኔ ልመልስልሽ። በዚያው መስመር ረዳት ነበርኩ፣ በሲዲው ጊዜ። ሲዲው ብዙ ጊዜ ስለተጫወተ ተቧጭሯል። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥተን ቁልቁለቱን ስንይዝ አውቶቡሱ ሲንገጫገጭ መዝለል ይጀምራል። ሰውየው "እወድ... እወድ... እወድ..." እያለ ይቀራል። ተሳፋሪ ይጮኻል። አንዲት እናት "ኧረ ይንገራትና ይገላገል!" ብለው ያውቃሉ። ስለዚህ ምሳ ላይ አወጣና ሌላ እከታለሁ።

መጨረሻውን እኔም አላውቀውም። እናትየው ዶሮ ይዘው የሚመጡበትን ነው የምትይው አይደል? አገባችው ወይስ ተወችው?


የጦሳ ጉም

አንተም አታውቅም? እኔ እኮ ስንት ዓመት ረዳቶቹ ብቻቸውን መጨረሻውን እያዩ መስሎኝ ስቀና ነው የኖርኩት!


ቶና

እኛ ቤት ደግሞ መጨረሻውን የምታጠፋው አያቴ ነበረች፣ ነፍሷን ይማረው።

አያቴ የሐዲስ ዓለማየሁን "ፍቅር እስከ መቃብር" የምታውቀው በጆሮዋ ነው። መጽሐፉ በ1958 ነው የታተመው፣ እሷ ግን ፊደል አልቆጠረችም። ኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰፈሩ እኛ ቤት ይሰበሰብ ነበር። ሬዲዮናችን የራሱ የዳንቴል ልብስ ነበረው። ሰዓቱ ሲደርስ ዳንቴሉ ተነስቶ ይታጠፋል። ቡናው ከሬዲዮው ጋር እንዲገጥም ቀደም ብሎ ይጣዳል። ሳል የያዘው ሰው ውጭ ወጥቶ ነው የሚስለው። ሕፃን ካለቀሰ እናቱ ይዛው በረንዳ ላይ ትቆማለች፣ ከዚያ ሆና "ምን አለ? ምን አለ?" ትላለች።

አያቴ ዝም ብላ አታዳምጥም። ትመልሳለች። ፊታውራሪ መሸሻ ሲፎክሩ "ኤዲያ!" ትላለች። ጉዱ ካሳ ሲናገር "በል ንገርልኝ" ትላለች፣ የልቧን ያወቀላት እሱ ብቻ ነውና። ሰብለ ወንጌልን ግን "ልጄ" ነው የምትላት።

ታዲያ በዛብህን ሽፍቶች ደብድበው ከጣሉት በኋላ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባት። ብድግ አለች። ሬዲዮውን ዘጋችው፣ ዳንቴሉን አለበሰችው። "ልጁ ደክሞታል፣ ይረፍበት" አለች። ጎረቤት ተንጫጫ። አንዳንዱ ወደ ሌላ ቤት ሮጠ። እሷ ሁለተኛውን ቡና ቀዳች።

ከዚያ ወዲህ በእኛ ቤት ታሪኩ እንዲህ ነው። በዛብህ ድኗል። በሥርዓት ተጋብተዋል። መጀመሪያ ወንድ፣ ቀጥሎ ሴት ወልደዋል። ፊታውራሪም አራስ ሊጠይቁ መጥተው የማር እንስራ አምጥተዋል። እኛ ልጆቹ ይህን እየሰማን ነው ያደግነው።

ትምህርት ቤት መጽሐፉን ሳነበው መጨረሻ ላይ በዛብህ፣ ሰብለና ጉዱ ካሳ ሦስቱም በአንድ መቃብር ገቡ። ክው አልኩ። ርዕሱ ፊቴ ላይ ተጽፎ እያለ እኮ ነው! ቤት ሄጄ አያቴን "በዛብህ ሞቷል" አልኳት።

"ማን አለ?"

"ደራሲው።"

"እሱ ምን ያውቃል" አለችኝ።


ሐረጎ ቁልቁለት

"እሱ ምን ያውቃል" ያለችው አያት "ተሽሏቸው ነው" ካለችው ሚስት ጋር መተዋወቅ ነበረባት። አንድ ዘር ናቸው።


በረካ (ደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

የቶናን አያት ወድጃታለሁ። እኛ ሰፈርም አንዲት አለችልን፣ እሷ ግን አትቆርጥም፣ ትጨምራለች።

ቃና በ2008 ጀምሮ የቱርክ ድራማ በአማርኛ ሲያወራ የሰፈሩ ቡና ሰዓት ተቀየረ። ሁሉ ነገር በድራማው ዙሪያ ሆነ። ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው ሰዓቱን በስርቆት ያያል። አንድ ክፍል ያመለጠው ሰው ታዲያ ጠዋት ወደዚች ጎረቤታችን ይሄዳል። ተቀምጣ፣ እጣኗን አጭሳ፣ ከመጀመሪያው ትነግረዋለች።

በእሷ ትረካ ኢስታንቡል ውስጥ ቡና ሦስተኛው ሳይጠጣ ሰው አይነሳም። ሙሽሪት ስትወጣ ይመረቃል። ልጁ ሲታሰር እናትየውን ጎረቤቶች መጥተው "አብሽሪ" ይሏታል። አንዴማ ባለጸጋው አባት ሲሞት እድር ድንኳን ተከለ፣ ንፍሮም ቀረበ። "ቱርክ እድር አለ እንዴ?" ብዬ ጠየቅኳት። "ታዲያ ማን ይቀብረዋል?" አለችኝ።

ኋላ ያንን ክፍል በድጋሚ ሲያሳዩ አየሁት። ምን ዋጋ አለው፣ አልጣመኝም። ሁለት ሰው ጥቁር መነጽር አድርጎ ቆሟል፣ አለቀ። ድንኳን የለ፣ ንፍሮ የለ።


ቀጥታ

ሁላችሁም ታማችኋል። እኔ ፊልም ከመጀመሬ በፊት መጨረሻውን ነው የማየው። ማን እንደሚሞት ካወቅኩ በኋላ ተመልሼ ከመጀመሪያው በሰላም አያለሁ። መጽሐፍም ከመጨረሻው ምዕራፍ ነው የምጀምረው። ደም ግፊት አያስነሳም፣ እንቅልፍም አይነሳም።


ጋቢ ለባሽ

እንዲህ ያለ ሰው ከእኛ ጋር አንድ ከተማ ውስጥ ይኖራል?


የጦሳ ጉም

አስተዳዳሪ ካለ እባካችሁ ይህን ሰው ከክሩ አውጡልኝ።


ቀጥታ

እንደምታስወጡኝ አውቄ ነው የገባሁት። መጨረሻውን አይቼዋለሁ አልኳችሁ እኮ።


ጡረተኛው መምህር

ልጆች፣ እንደምን አላችሁ። የመጨረሻ ገጽ ነገር ከተነሳ እኔም የማወራው አለኝ።

በደርግ ጊዜ ደሴ ላይ መጽሐፍ በኪራይ ይነበብ ነበር። መያዣ ታስይዛላችሁ፣ በየቀኑ ሳንቲም ይታሰባል። የአገር ውስጥ ልቦለድ አለ። ትርጉም የወንጀል ታሪክ አለ፣ እሱ ወረፋ ነበረው። ከሞስኮ በአማርኛ ታትሞ የሚመጣም ነበር፣ የፕሮግረስ ማተሚያ ቤት። ያኛው ተከራይ ባይበዛለትም ጥራዙ የማይበገር፣ ዋጋውም ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ይገዛው ነበር። እኔ ቤት አንዱ እስከ ዛሬ የቁም ሣጥን እግር ደግፎ ይዟል፣ አንድ ገጽ አልተነቀለም።

እኔ የምከራይበት ሰውዬ የወንጀል ልቦለድ ችግር ገጥሞት ነበር። አንዱ በአንድ ቀን ሒሳብ ይወስድና ለወንድሙ ይሰጣል፣ ወንድሙ ለጓደኛው፣ ጓደኛው ለእጮኛው። ሰፈር ሙሉ አንብቦት ነው መጽሐፉ የሚመለሰው። ሰውዬው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከየወንጀል ልቦለዱ የመጨረሻዋን ቅጠል በምላጭ ቆርጦ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈባት። ገዳዩን ማወቅ የፈለገ መጽሐፉን ይመልሳል፣ ሒሳቡን ይዘጋል፣ ከዚያ ቅጠሏ ትሰጠዋለች። እዚያው ባንኮኒው ላይ ቆሞ ያነባል። ይዞ መሄድ የለም። ድምፅ አውጥቶ ማንበብም የለም፣ ሌላው በነፃ እንዳይሰማ።

ቅዳሜ ከሰዓት በዚያ ብታልፉ ሦስት አራት ጎልማሳ ባንኮኒ ተደግፎ፣ ቅጠል በእጁ ይዞ፣ ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ ታዩታላችሁ። አንዱ ራሱን ይነቀንቃል። አንዱ አንብቦ ሲጨርስ ገልብጦ ደግሞ ያነባል፣ ነገሩ አልተዋጠለትም። አንድ የማውቀው ባልደረባዬ "እኔ ብያለሁ! ሐኪሙ ነው ብያለሁ!" ብሎ ጮኸ። ወረፋ ላይ የነበሩት ሊደበድቡት ደረሱ። ሰውዬውም ለአንድ ወር አገደው።

አሁን ወደ ልጄ መጽሐፍ እንምጣ። የጦሳ ጉም፣ የባንክ ጸሐፊዋን የማውቃት ይመስለኛል። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ወንድሟ ወታደር ነው? እግሩ ላይ ቆስሎ የተመለሰ?


የጦሳ ጉም

ጋሼ!!! አዎ! እግሩ ላይ! በፈጠረዎት ይንገሩኝ፣ በሩ ላይ የቆመው ማነው?


ጡረተኛው መምህር

እሱን እንኳ አላውቅም። መጽሐፉን በመለስኩበት ቀን ሒሳቤ ጎደለና ቅጠሏን ከለከለኝ።


ሐረጎ ቁልቁለት

ያ መሳቢያ አሁን የማን ቤት ነው ያለው? እንሰባሰብና እንፈልገው። ግማሹ የደሴ ሰው ገዳዩን ሳያውቅ እያረጀ ነው።


ሸርፍ ተራ

ወደ ፊልም እንመለስ። ቪዲዮ ቤት ያደገ የለም? ሰሌን የተነጠፈበት፣ መስኮቱ በካርቶን የተደፈነ፣ በሩ ላይ ብርድ ልብስ የተሰቀለበት? እኛ ሰፈር የፊልም ርዕስ አይጻፍም ነበር። ሰሌዳው ላይ በጠመኔ "ዛሬ፦ ቡጢ፣ ህንድ፣ ቡጢ" ተብሎ ይጻፋል። በቃ። የፈለገ ይገባል።

ሾሌ የሚባለውን የህንድ ፊልም ያየሁት እዚያ ነው። አሚታብ ጃይን ሆኖ የሚሠራበት። ከሦስት ሰዓት በላይ ነው ርዝመቱ። ባለቤቱ ይህ ይቆጨው ነበር፣ በአንድ መግቢያ ሦስት ሰዓት! ስለዚህ ዘፈን ሲመጣ በሪሞት ያሳልፈዋል። ከኋላ የሚቀመጡት ሴቶች "ዘፈኑን መልስ!" ይላሉ፣ ከፊት ያለነው ደግሞ "አሳልፍ!" እንላለን። በዚህ ጭቅጭቅ መሃል መብራት ሄደ። "አክተር አይሞትም" ተባብለን ተጽናንተን ወደየቤታችን ገባን።

ሌላ ቀን የመጨረሻዋን ሩብ ሰዓት በካርቶኑ ቀዳዳ አጮልቄ አየሁ። ጃይ የለም። ሞቷል ለካ! ታኩር ግን ሽፍታውን ጋባርን አገኘው። ጋባር የታኩርን እጆች ቆርጦበት የለ? ታኩር ባለ ምስማር ጫማውን አድርጎ በእግሩ ረግጦ ገደለው። አንጀቴ ራሰ።


ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

ቆይ፣ ቆይ። ታኩር አልገደለውም። ሊገድለው ሲል ፖሊስ ደረሰ። ሕግ አለ ተብሎ ተወው። ጋባር እጁን ተይዞ ሄደ።


ሸርፍ ተራ

ገደለው አልኩህ። በዓይኔ አይቻለሁ።


ቦርከና ዳር

በቀዳዳ ነው ያየኸው። እኔ ከፍዬ ገብቼ ነው ያየሁት። ወላሂ ፖሊስ ነው የመጣው!


ጋቢ ለባሽ

ለጋባር ብለህ አትማል። ምናልባት ኮምቦልቻ መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ፖሊስ ቶሎ ደርሶ ይሆናል። ደሴ ዳገት ነው፣ እስኪወጡ ሞተ።


ፍላሽ አስጭኑ (ደሴ፣ አራዳ)

እኔ ሞባይል ቤት ነው የምሠራው፣ ፊልም እጭናለሁ። አትጣሉ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ።

ሾሌ ሁለት መጨረሻ አለው። መጀመሪያ የተቀረጸው ታኩር ጋባርን ሲገድለው ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1975 ሲወጣ ግን ህንድ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ላይ ነበረች፣ ሳንሱሩም ጠብቋል። ታኩር የቀድሞ ፖሊስ ነው እኮ። የቀድሞ ፖሊስ ሕግን በእጁ ሲያስገባ አይታይም ተባለ። ስለዚህ መጨረሻው እንደገና ተቀረጸ፣ ፖሊስ መጣ። ያኔ ሲኒማ ቤት የታየው እሱ ነው። የመጀመሪያው ደግሞ ኋላ ላይ በቪዲዮ ወጥቶ መዞር ጀመረ። የትኛው ካሴት የትኛው ቪዲዮ ቤት እንደደረሰ እንግዲህ ዕድል ነው።

እኔ ጋ ሁለቱም አለ። ደንበኛ ሲመጣ "የሚሞተውን ነው የሚታሰረውን?" ብዬ እጠይቃለሁ። እስካሁን የሚታሰረውን የመረጠ የለም።


ቦርከና ዳር

አየህ! ፖሊስ ነው አላልኩም?


ሸርፍ ተራ

ገደለው ነው እንጂ ያለው! አንብበው ደግመህ።


ፍላሽ አስጭኑ

እሺ፣ ሳንቲሟንስ አይታችኋል?


ሸርፍ ተራ

የምን ሳንቲም? ጃይ ዕጣ የሚያወጣባት?


ፍላሽ አስጭኑ

አዎ። ሁለቱም ገጿ አንድ ዓይነት ነው። እሱ የፈለገው ሁልጊዜ የሚወጣው ለዚያ ነው። ጓደኛው ቪሩ ይህን የሚያውቀው ጃይ ከሞተ በኋላ ነው።


ሸርፍ ተራ

...

ወንድሜ ምን ነካህ። እኔ እኮ ዕድለኛ ሰው ነው ብዬ ነው የኖርኩት። በእሱ ቀንቼ ስንት የትምህርት ቤት ዕጣ በሳንቲም ስጥል ኖሬ ስንቱን ተበላሁ!


ካምፓስ (ኮምቦልቻ)

ዘግይቼ ገባሁ፣ ፈተና ላይ ነበርኩ። የእኔ ከሁላችሁም የባሰ ነው። እናንተ መጨረሻ ነው የጎደላችሁ። እኔ አንድ ቅጠል ብቻ ነው ያለኝ።

ከግቢ ውጭ ኦቾሎኒ የምትሸጥ እናት አለችን። የምትጠቀልለው በአሮጌ መጽሐፍ ቅጠል ነው። አንድ ማታ በልቼ ስጨርስ ወረቀቱን ዘረጋሁት። ልቦለድ ነው። አንድ ሰውዬ ለሚወዳት ልጅ ሲል ባሕር ሊሻገር ነው። እናቱ እያለቀሱ ነው። ጓደኛው ጀልባው ያፈሳል ይለዋል። እሱ "ቢያፈስም" ብሎ ሊመልስ ሲል ቅባት የነካው ቦታ ላይ ደረስኩ። ከዚያ በታች አይነበብም። ገልብጬ ጀርባውን ሳይ ምዕራፉ ተቀይሮ ሌላ ከተማ ስለ መሬት ክርክር ያወራል።

በማግስቱ ሄጄ ገዛሁ። የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ። ደግሞ ሄድኩ። የዘንድሮ ይሁን የድሮ ያልታወቀ የስልክ ማውጫ። "እማ፣ ያን ቀን የጠቀለልሽልኝን መጽሐፍ ቀጣዩን ቅጠል ፈልጊልኝ" አልኳት። "ልጄ፣ ኦቾሎኒው ትኩስ ነው?" አለችኝ። "ትኩስ ነው።" "ታዲያ ምን ትፈልጋለህ?"

አሁን ግን ለምዳኛለች። ከሩቅ ስታየኝ "ና፣ ያንተ ሰውዬ ተገኝቷል" ትለኛለች። ብዙውን ጊዜ እሱ አይደለም። ግን ለሷ ወንድ ሁሉ አንድ ነው መሰለኝ፣ በገጹ ላይ "እሱ" የሚል ካለ ለእኔ ታስቀምጥልኛለች።


የጦሳ ጉም

የገጹ ቁጥር ስንት ነው? እንዳይሆን እንጂ የእኔ መጽሐፍ ቢሆንስ!


ካምፓስ

191።


የጦሳ ጉም

አይቼ መጣሁ። እኔ ጋ 191 አለ። ባሕር የለም። ዝናብ ነው።


ሦስተኛ ሺፍት

ባለቤቴን ጠየቅኳት። በሩ ላይ የቆመው ማነው መሰለሽ አልኳት። ሳታስብ መለሰችልኝ። "አከራይዋ ነዋ፣ ኪራይ ጨምሬያለሁ ሊላት።"


በረካ

ያቺ ጎረቤታችንም የእድር ዳኛው ናቸው ትላለች። የሦስት ወር መዋጮ አለባት።


ቶና

አያቴ ብትኖር ወንድ ልጇ ነው ትል ነበር። ሴትዮዋ ልጅ የላትም ቢባል እንኳ።


ጡረተኛው መምህር

ልጄ የጦሳ ጉም፣ እኔም ነገሩ ከነከነኝና አንድ ቦታ ስልክ መታሁ። ያን ጊዜ "ሐኪሙ ነው!" ብሎ የታገደው ባልደረባዬ አሁን ኮምቦልቻ ነው የሚኖረው። ይህንንም መጽሐፍ ተከራይቶት ነበር። ቅጠሏን አንብቧታል። በሩ ላይ ማን እንደቆመ ያስታውሳል።

ግን በስልክ አልናገርም አለኝ። ምሳ ካልተጋበዝኩ ብሏል።


የጦሳ ጉም

ጋሼ፣ ምሳውን እኔ እችላለሁ። እሑድ እንውረድ? ጥብስም ክትፎም ያሻቸውን ይዘዙ።


ጡረተኛው መምህር

እሑድ ጥሩ ነው። ነገር ግን አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ሰውዬው ከበላ በኋላ ቡናም ይፈልጋል፣ ቡናው ካላለቀ ወሬ አይጀምርም። ጠዋት ብንወጣ ይሻላል።


ካምፓስ

እኔ እዚሁ ኮምቦልቻ ነኝ፣ ከጎናችሁ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ብቀመጥ ማን ይከለክለኛል? ኦቾሎኒ ይዤ እመጣለሁ።


ቦርከና ዳር

እኔም አለሁ። ሸርፍ ተራም ይምጣ፣ የጋባርን ጉዳይ በአካል እንጨርሰዋለን።


ቀጥታ

መጨረሻውን እንደሰማችሁ እዚህ ጻፉልኝ። ከዚያ መጽሐፉን አውሱኝ፣ ለማንበብ ዝግጁ ነኝ።


የጦሳ ጉም

አንተ ወረፋው መጨረሻ ላይ ነህ። መያዣም ታስይዛለህ።